ልጄ ከተኛች በኋላም ያልለቀቀኝ ድካም

ልጄ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት የጀመረች ሰሞን ለማንም አልተናገርኩም። ለሌላው ወላጅ የምሥራች የሚሆነው ነገር ለእኔ ማፈሪያ ሆነብኝ። ይህን የምጽፈው፣ እንደ እኔ ድካሙን ሁሉ በልጁ እያሳበበ የሚኖር አባት ወይም እናት ካለ፣ እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እንዳያባክን ብዬ ነው።

ፍቃዱ እባላለሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ጽሑፍ ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት አንብቤ ስሕተቱን እለቅማለሁ። ባለቤቴ ጽጌ የሒሳብ መምህርት ናት። ዕጣ ወጥቶልን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በገባን በዓመቱ ሶልያና ተወለደች። ሶሊ ቀን ሲያዩዋት ሳቂታ፣ ለጎረቤት ሁሉ እጇን የምትዘረጋ ልጅ ነበረች። ሲመሽ ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ሰዓት ሳይሞላት ትነሣለች። ካልታቀፏት አትተኛም፤ ታቅፈዋት ቁጭ ካሉ ደግሞ ወዲያው ታውቃለች። ጽጌ ጠዋት ስድሳ ተማሪ ፊት ስለምትቆም፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ተራ የእኔ ሆነ።

አንድ ሌሊት ሶሊን ይዤ በረንዳው ላይ ስመላለስ፣ ፊት ለፊት ካለው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው እንደ እኔ ሕፃን ታቅፎ ሲመላለስ አየሁ። አየኝና እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁለት። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ይህንኑ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩና ብሎግ ከፍቼ አወጣሁት። ስሙን «የሌሊት ዘበኞች» አልኩት።

አምስት ሰው ቢያነበው ብዬ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ግን ከአስተያየቶቹ ጋር እኩል መራመድ አቃተኝ። ከቃሊቲም፣ ከደሴም፣ ከሐዋሳም ይጽፋሉ። ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሁሉም በልጁ ነው። የሀያት እናት፣ የናቲ አባት፣ የመንታ አባት። እኔ የሶሊ አባት ነበርኩ። አንዱ ጥርስ ስለምታወጣ ልጁ ይጽፋል፤ ሌላዋ አማቷ «ጡትሽ ስለማያጠግብ ነው» እያሉ ስለሚያሳቅቋት ትጽፋለች። የብሎጉ ደንብ አንድ ብቻ ነበር፦ ማንም ሰው አይወቀስም። ከሁሉ በላይ የምንጽፈው ቃል ደግሞ «ያልፋል» የሚለው ነው። እኔ ራሴ ስንት መቶ ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም።

ድካሙ መቼ ከተራ ድካም እንደወጣ ለይቼ መናገር አልችልም። ጠዋት ስነሣ ግንባሬን በገመድ ያሰሩት ያህል ይጨመድደኛል። አፌ ደርቆ ያድራል። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ጽጌ በማንኮራፋቴ ተማርራ ከሶሊ ጋር ሳሎን መተኛት ከጀመረች ቆይታለች። ስለ ማንኮራፋቴ ቀልድ አዘል ጽሑፍ ጽፌ ነበር፤ በብሎጉ ታሪክ የዚያን ያህል የተሳቀበት የለም።

ሶሊ ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናት አንድ ቀን ተኝታ አደረች። በማግስቱም አደረች። ሳምንት ሞላት። ጽጌ ፊቷ ተመለሰ፤ ጠዋት ጠዋት ማንጎራጎር ጀመረች። እኔ ግን ልክ እንደ በፊቱ ነበርኩ። እንዲያውም ብሶብኝ ነበር። ጥፋቱ የሶሊ ካልሆነ የማን ነው? ብሎጉ ላይ ተኛች ብዬ ከጻፍኩ፣ እኔ ለምን ደካማ እንደሆንኩ መልስ የለኝም። ስለዚህ እንዳልተኛች አድርጌ መጻፌን ቀጠልኩ። «ትናንት ደግሞ አምስት ጊዜ» እያልኩ። እሷ በዚያች ሰዓት ሳሎን ውስጥ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

መጀመሪያ የሄድኩት ቤታችን አቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ ነው። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ለውጥ የለም። ሁለተኛው ክሊኒክ የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን አየ። እሱ እውነት ነበር፤ ክኒን ጀመርኩ። ግን ድካሙ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛው ጋ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ዓይኔን ገልጦ አየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ትቅማለህ?»

«አልቅምም።»

«ትጠጣለህ?»

«በዓል ሲሆን አንድ ሁለት ብርጭቆ።»

«ቤት ውስጥ ችግር አለ?»

«ሐኪም፣ እኔ እንቅልፍ ነው የቸገረኝ።»

ጭንቀት ነው አለኝና የእንቅልፍ ክኒን አዘዘልኝ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ክኒኑን በወሰድኩበት ሳምንት ጠዋት መነሣት ራሱ ከጉድጓድ እንደ መውጣት ሆነብኝ።

ጽጌ ወደ መኝታ ክፍሉ የተመለሰችው በዚያ ሳምንት ነው። ፈርታ ነው የተመለሰችው። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

«ፍቄ፣ ትንፋሽህ ይቆማል።»

«እ?»

«ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ ጸጥ ትላለህ። እቆጥራለሁ። ሃያ ድረስ ቆጥሬ ትንፋሽ የለህም። ከዚያ እንደ ሰመጠ ሰው ታቃስትና ትተነፍሳለህ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ሕልም አይተሽ ይሆናል» አልኳትና ፊቴን አዞርኩ። አራስ እያለችም ነግራኝ ነበር። ያኔም ይህንኑ ነው ያልኳት።

እናቴ ጦር ኃይሎች ነው የምትኖረው። ነገሩን ስትሰማ አላቅማማችም። «ዱካክ ነው የተጫነህ» አለችኝ። ሰው ተኝቶ ሳለ ደረቱ ላይ ወጥቶ ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ስትናገር እሰማለሁ። ለሰባት ቀን ጠበል ሄድኩ። ሰባተኛው ቀን ላይ የንስሐ አባታችን በእርጥብ ልብሴ ቁጭ ብዬ ሳንቀላፋ አዩኝ። «ልጄ፣ ጠበሉን አትተው፤ ሐኪም ቤቱንም አትተው» አሉኝ። «ሦስት ቦታ ሄድኩ እኮ አባ» ስላቸው፣ «እንግዲያስ አራተኛ ሂዳ» አሉኝ። እኔ ግን ተስፋ ቆርጬ ነበርና አልሄድኩም።

ያ ስንፍና ዋጋ አስከፈለኝ። ማተሚያ ቤታችን ለአንድ ጅምላ አከፋፋይ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያትም ነበር። የመጨረሻውን ናሙና አይቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ታትሞ ካለቀ በኋላ አለቃዬ አቶ ዘሪሁን ቢሮአቸው አስጠሩኝ።

«ፍቃዱ፣ ኅዳር ስንት ቀን ነው?»

«ሠላሳ ነዋ።»

አንዱን ቀን መቁጠሪያ ገፋ አደረጉልኝ። ኅዳር ሠላሳ አንድ ቀን ነበረው። ታኅሣሥ ከዚያ ቀጥሎ በአንድ ቀን ተንሸራትቶ ይሄዳል። ከታች የእኔ ፊርማ ያለበት ናሙና ተያይዟል።

«አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል» አሉ አቶ ዘሪሁን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማይነገር ነገር ካለብህ ንገረኝ። ጠረጴዛህ ላይ ስትተኛ ሠራተኛው ሁሉ ያይሃል። ሱስ ነው የሚሉ አሉ።»

«ጋሼ፣ በልጄ ይሁንብኝ፣ ሱስ የለብኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ቀን መቁጠሪያው እንደገና ታተመ። ለጽጌ ሳልነግራት ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ልቤ የመለሰኝ ግን ደብዳቤው አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጽጌ የማጠናከሪያ ትምህርት ስለነበራት ሶሊን ወደ እናቴ ቤት የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መሐለኛው ወንበር ላይ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። የሹራቧን ቁልፍ ስቆልፍላት አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሴት ጩኸት ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ጭኔ ባዶ ነው። ከአጠገቤ የነበሩት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ሶሊን በሹራቧ ጀርባ አንጠልጥለው ይዘዋታል። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ልጅቷ ተንሸራትታ ፊት ለፊት ካለው ብረት ላይ ልትወድቅ ነበር። ሶሊ ደንግጣ አፏን ከፍታለች፤ ልቅሶው ገና አልወጣላትም።

«አንተ ሰውዬ! ልጅ ታቅፈህ ትተኛለህ?» አሉኝ ሴትዮዋ። ጠጋ ብለው አፌን አሸተቱኝ። «አልጠጣህም። ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«አላውቅም» አልኳቸው። «እማማ፣ እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

ሴትዮዋ ሶሊን አልመለሱልኝም። ጡታቸው ሥር አስጠግተው እስክንወርድ ድረስ ራሳቸው ይዘዋት ሄዱ። ጦር ኃይሎች ስንደርስ አብረውኝ ወርደው አስፋልቱን አሻገሩንና፣ «ታመሃል፤ ታከም» ብለውኝ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ያን ዕለት ማታ ለጽጌ ሁሉንም ነገርኳት። ደብዳቤውንም፣ ታክሲውንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ሶሊን አስተኝታ ተመልሳ መጣችና፣ «ከእንግዲህ ብቻህን ይዘሃት አትወጣም» አለች። ያን ስትል ድምጿ ተራ ድምፅ ነበር፤ ለዚያ ነው የከበደኝ።

በማግስቱ ብሎጉ ላይ እውነቱን ጻፍኩ። ልጄ ከተኛች ስምንት ወር እንዳለፋት፣ ስዋሽ እንደነበር፣ ታክሲ ውስጥ የሆነውንም። አንዳንዱ ተቆጣ። የናቲ አባት «እኔ በአንተ ልጅ እየተጽናናሁ ነበር የማድረው» ብሎ ጻፈና ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እውነቱን ነው። ከሰዓት በኋላ ግን የመንታ አባት መጣ። ይህ ሰው ብዙ አይጽፍም ነበር።

«የሶሊ አባት፣ ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው» ይላል ጽሑፉ። «ሕመምተኛ ለቀዶ ሕክምና ሲተኛ ሰመመን ሰጥቼ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅህ። በጣም ታንኮራፋለህ? ጠዋት ራስህን ያምሃል? ተኝተህ ሳለ ትንፋሽህ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ?»

ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ፣ ከሥሩ ሌላ አስተያየት ወጣ። ስም የለውም።

«እኔ ሚስቱ ነኝ። ሦስቱም አዎ ነው። ትንፋሹ እንደሚቆም ከሁለት ዓመት በፊት ነግሬዋለሁ። ሕልም ነው ይለኛል። የት ልውሰደው?»

ጽጌ ያን ብሎግ እንደምታነብ አላውቅም ነበር። ቀና ስል ሶፋው ላይ ስልኳን ይዛ ታየኛለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ስትስቅ እንባዋም አብሮ መጣ።

የመንታ አባት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ጋ እንድንሄድ ነገረን። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ወሰደ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ጆሮአቸውን በጥጥ የደፈኑ አዛውንት ሳንቀላፋ አዩኝ። «ቁጥርህ ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ተኛ ግዴለም። ባይሰማኝም ሰሌዳውን አያለሁ፤ እቀሰቅስሃለሁ» አሉ። ጽጌ ካርድ ልታወጣ ሄዳ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እውነትም ጉልበቴን መታ መታ አድርገው ቀሰቀሱኝ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተኛ ብሎ የፈቀደልኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ የማትቸኩል ሴት ነበረች። ጉሮሮዬን በመብራት አየች። አንገቴን በሜትር ለካች፤ ልብስ ሰፊ እንጂ ሐኪም እንደዚህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ከዚያ እኔን ትታ ጽጌን ጠየቀቻት። ጽጌ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ቆጠራውን ሳይቀር።

«እንዲህ ነው» አለችኝ ሐኪሟ። «ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል። ያንተ ጠባብ ስለሆነ ሲላላ ይዘጋል። አየር ሲያጥርህ አንጎልህ ይደነግጥና ይቀሰቅስሃል። ትተነፍሳለህ፣ ተመልሰህ ትተኛለህ። አንተ ይህን አታውቀውም። እስኪነጋ ድረስ ግን ሲያባንንህ ነው የሚያድረው። የእንቅልፍ ክኒኑን ዛሬውኑ ተው፤ ጡንቻውን ይበልጥ ያላላዋል። ግፊትህም ከዚህ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።»

«ስንፍና አይደለም ማለት ነው?» አልኳት። ከጥያቄዎች ሁሉ ያ ለምን ቀድሞ እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ስንፍና አይደለም» አለች።

ለማረጋገጥ አንድ ሌሊት በሽቦ ተተብትቤ አደርኩ፤ ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ ጣቴ ላይ መቆንጠጫ፣ አፍንጫዬ ሥር ቀጭን ቱቦ። ውጤቱ ሲመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሼ ከሠላሳ ጊዜ በላይ እንደሚቋረጥ አሳየ። ጽጌ ወረቀቱን እጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሕልም» አለች፣ ቀስ ብላ።

መፍትሔው በአፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ትንሽ መሣሪያ ነው። አገር ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ አንድ አስመጪ እስኪያመጣልን ሦስት ወር ጠበቅን። ክፍያው ጽጌ በመምህራኑ ዕቁብ ተራዋን አስቀድማ በመውሰዷ ተሸፈነ። እስኪመጣ ድረስ ክብደት እንድቀንስና በጎኔ እንድተኛ ታዘዝኩ። በጀርባዬ እንዳልገለበጥ ጽጌ የአሮጌ ካናቴራዬ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍታ የሶሊን ትንሽ ኳስ ከተተችበት። በተገለበጥኩ ቁጥር ኳሱ ይወጋኝና ወደ ጎኔ እመለሳለሁ። ሶሊ ጠዋት ጠዋት እየመጣች «ኳሴ!» እያለች ከጀርባዬ ትፈለቅቃለች። ከቤት እስከ ማተሚያ ቤት ድረስ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በሰንጋ ተራ በኩል የሚሠራውን ሕንፃ ሁሉ ፎቅ በፎቅ ሲያድግ አየሁት።

መሣሪያው የመጣ ዕለት ጭምብሉን ሳደርገው ሶሊ ፈርታ እናቷ ጉያ ገባች። እኔም አልወደድኩትም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች እየነቀልኩ ጣልኩት፤ ጽጌ እያነሣች መለሰችልኝ። አራተኛው ሌሊት ላይ አልነቀልኩትም። ዓይኔን ስገልጥ ክፍሉ ብሩህ ነበር። መጀመሪያ መብራት ሳናጠፋ የተኛን መሰለኝ። ፀሐይ ነበር። ግንባሬን በእጄ ዳበስኩት፤ ምንም የለም። ከታች በግቢው ሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማል፤ ከደረጃው ላይ የልጆች ሩጫ ይሰማል። እነዚህ ድምፆች በየጠዋቱ ነበሩ። ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። ጽጌ በሩን ከፈተችና አየችኝ። «ደኅና አደርክ?» አለች፤ ሰላምታ ብቻ ሳይሆን የምር ጥያቄ ነበር። «ደኅና አደርኩ» አልኳት።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ወደ ኳሷ እመለሳለሁ። የግፊት ክኒኔ ተቀነሰ እንጂ አልቀረም። አቶ ዘሪሁን የሐኪሟን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ «እኔም አንኮራፋለሁ፤ ባለቤቴ ታማርራለች» አሉ። ከዚያ ሐኪሟ ያለችበትን አድራሻ ጽፌ ሰጠኋቸው። ጽጌ ሶሊን ብቻዬን ይዤ እንድወጣ የፈቀደችልኝ ከአራት ወር በኋላ ነው፤ እሱንም የመጀመሪያውን ቀን በረንዳ ላይ ቆማ እያየችን።

ብሎጉን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። ያስጨነቀኝ የሀያት እናት ነገር ነው። ከዓመት በፊት፣ ሦስት ደረጃ ወጥታ ትንፋሽ እንደሚያጥራት፣ ልቧ እንደሚመታ፣ ልጇ ተኝታም ድካሙ እንደማይለቃት ጽፋ ነበር። እኔ ከሥሩ «ያልፋል እህቴ፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን» ብያታለሁ። ሁላችንም እንዲሁ መሆናችንን በምን አውቄ ነው? ጻፍኩላት፤ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እንድትመረመር ለመንኳት። ሳምንታት ቆይታ መለሰች። ብርቱ ደም ማነስ ተገኝቶባት መድኃኒት ጀምራለች። «ባትጽፍልኝ አልሄድም ነበር» ብላኛለች። ዓመት ሙሉ ያላስኬዳትም የእኔው ቃል እንደነበር ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ የብሎጉ አናት ላይ የመንታ አባት ጥያቄዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሌላም ጨመርንበት፦ ልጅህ ተኝቶ ስታድር አንተስ ታርፋለህ? ካላረፍክ እኛ ጋ አትቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂድና ተመለስ።

የመንታ አባት ስሙ ናስር ነው። በአካል የተገናኘነው ብሎጉን አብረን እንድናዘጋጅ ለመነጋገር፣ ሰንጋ ተራ ባለች አንዲት ካፌ ነው። ከአዳር ሥራ ወጥቶ በቀጥታ ነበር የመጣው። ከጠበቅኩት በላይ ወጣት ነው። አመሰገንኩት፤ እጁን አወናጨፈ። ማኪያቶ አዘዘ፤ ስለ መንታዎቹ ነገረኝ፤ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ እንደምትነሣ። ከዚያ አስተያየቶቹን ማን መቼ ማየት እንዳለበት እየነገርኩት ሳለ ድምፁ ጠፋ። ቀና ስል አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።

አስተናጋጇ መጥታ ጎንበስ አለች። «ልቀስቅሰው?»

«ተይው» አልኳት።

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁና አዳመጥኩት። አያንኮራፋም። ያስገባል፣ ያስወጣል። ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንድም አልተቋረጠም። የሁለት ሕፃናት አባት ነው፤ ደክሞታል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ማኪያቶው እንዳይደፋ ወደ እኔ ሳብ አደረግኩትና ቀስ እያልኩ ጠጣሁለት።